ሁለተኛዋ ወረቀት

መቀሌ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1939 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ረሒማ፣ ዐደን።

አሰላሙ ዐለይኩም። ከባሕሩ ማዶ ያለሽ የእናቴ ታናሽ፣ ሙቀቱ ሳያቀልጥሽ ይህች ወረቀት ትድረስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ከነዶሮዎቻችን ደህና ነን።

የቀረውን ሰላምታ ከዚህች ጋር በታጠፈችው በመጀመሪያዋ ወረቀት ላይ ታገኚዋለሽ። እሷ የጋሽ ጀላሉ ናት። ሰላምታው ብቻ ወረቀቱን አጋመሰው። ለባልሽ፣ ለባልሽ እናት፣ ለባልሽ እናት ጎረቤት፣ ከዚያም "በዐደን ላሉ ሙስሊሞች በሙሉ"። የዘለሏቸው ግመሎቹን ብቻ ነው። ብዕሩ በእኔ እጅ፣ ቃሉ በሳቸው አፍ ነበር።

"ጻፊ!"

"ጻፍኩ።"

"ምን ብለሽ?"

"እንዳሉኝ።"

"ምን ነበር ያልኩሽ?"

እንዲህ ስንባባል ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ተቀመጥን። ይህች ሁለተኛዋ ግን የራሴ ናት። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው ሹልክ አድርጌ የማስገባት።

አንቺ አግብተሽ ከዚህ ስትሄጂ እኔ የፊት ጥርሴ የወለቀ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሁን ዐሥራ አምስት ሞላኝ፣ ጥርሴም በቀለ፣ የግቢው ጸሐፊም ሆንኩ። ፊደል ያስቆጠረችኝ እትዬ የትምወርቅ ናት። ከሸዋ የመጣች፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የአቶ ደመላሽ ሚስት፣ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን። "ይህ ሁሉ የወሎ ነጋዴ ተሰብስቦ የሚያነብ አንድ እንኳ የለም?" ብላ እኔን መረጠች። የመረጠችኝ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ዝም እንድል ነው። አልተሳካላትም።

ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ የሚሆነውን ነገር ልንገርሽ። ግቢው ይሞላል። ጋሽ ጀላሉ ከሁሉ ፊት ይቀመጡና ወረቀቱን ይቆጥራሉ። እንደምታውቂው ዕድሜያቸውን ሁሉ ገበያ ላይ እህል ሲሰፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ የማይሰፍሩት ነገር የለም። "ለምን ይቆጥሯቸዋል?" አልኳቸው። "የጎደለች ወረቀት መርዶ ናት" አሉኝ። ድሮ ደሴ እያሉ አንባቢው አንዷን ወረቀት ደብቆባቸው፣ ወንድማቸው ከሞተ አርባው አልፎ እሳቸው ለጤንነቱ ዱዓ ሲያደርጉ ነበር አሉ። ስለዚህ በኛ ግቢ የመጣ ወረቀት ሁሉ ይነበባል። ሕግ ነው።

አሁን ወደ ልመናው። ጋሽ ጀላሉ መነጽር ላኪልኝ ይላሉ። ማንበብ አይችሉም፣ ግን "ስታነቢ ልቆጣጠርሽ" ብለውኛል። አባቴ ኢስሃቅ ደግሞ "ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ጨው ይገዛል ወይ?" ብለሽ ጠይቂልኝ ብሏል። ከጨው ነጋዴ ሌላ ምን ትጠብቂያለሽ።

እማ እንደምታውቂያት ናት። በሩ ጥግ ተቀምጣ፣ ሁሉም ከጨረሰ በኋላ አንዲት ቃል ትጨምራለች። የዚህ ጊዜዋ ይህች ናት፦ "ስስ ነጭ ሻሽ ላኪልኝ በያት። ገላ ላይ የማይጣበቅ።" ዘንድሮ ደግሞ እመቤት ሆናብናለች። ሰው የምትስመው በቀኝ ትከሻዋ ብቻ ነው። በግራ የመጣባት እንደሆነ ዞር ትላለች። "ሹመት መጣልሽ እንዴ እማ?" አልኳት። አልሳቀችም።

አላህ ያገናኘን።

ሐቢባ ኢስሃቅ


ዐደን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1939 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐቢባ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ጥርስሽ የበቀለው ልጅ። ሳነብሽ ብቻዬን ሳቅሁ። እዚህ ብቻውን የሚስቅ ሰው ይጠረጠራል፣ ስለዚህ ቀስ በይ።

የመጀመሪያዋ ወረቀት ለግቢው ሁሉ ናት። የጋሽ ጀላሉን መነጽር ልኬያለሁ። መስታወቱ የመስኮት መስታወት ነው፣ አትንገሪያቸው። ለአባትሽ፣ ባሕር ዳር የሚኖር ሰውም ጨው ይገዛል በይው። ሻሹንም ስድስት ክንድ አድርጌ ልኬያለሁ። ለምን እንደፈለገችው ግን አልጻፍሽልኝም።

ይህች ሁለተኛዋ ወረቀት የሴቶች ናት። ለወንድ አይነበብም። አስቀድመሽ ለእናትሽ፣ ብቻዋን ስትሆን፣ በቀስታ አንብቢላት። ከዚያ ለሌሎቹ።

አንዲት ጎረቤቴ የነገረችኝ ነው። እዚህ አንዲት እንግሊዛዊት ሐኪም አለች። ወደሷ የሚሄዱትን ሴቶች ሁሉ ይህንን ታስተምራለች። ሴት በየወሩ፣ አበባዋ ካለፈ በኋላ፣ በጀርባዋ ተንጋላ አንድ እጇን ከራሷ በላይ ታድርግ። በሌላው እጇ፣ በጣቶቿ ጫፍ ሳይሆን በጣቶቿ ሆድ፣ ከብብቷ ጀምራ ጡቷን እየዞረች ትዳስስ። ሳትቸኩል፣ ሳትጨምቅ። የምትፈልገው ምስር የምታክል ጠጣር ነገር ነው። አታምም። ክፋቷም እሱ ነው፣ "ካላመመኝ ምን ቸገረኝ" ታሰኛለች። ዐረቦቹ ሰረጣን ይሉታል፣ የኛ ሰው ነቀርሳ የሚለው ነው። ምስር ሳለች ቆርጠው ካወጧት ሴቲቱ ልጆቿን ታሳድጋለች። ካደገች ግን እንጃ።

ሐኪሟ የምትለው ብዙ ነው። በአሜሪካ ሴቶች እንደ ጦር ተሰልፈው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ይህንኑ በወረቀት ያድላሉ አለች። በሷ አገር ግን ቃሉን በአደባባይ መጥራት ሴቶችን ያስደነግጣል፣ ዝም ይሻላል የሚሉ ሐኪሞች አሉ። እንግሊዝም እንደኛ ታፍራለች ማለት ነው። ጣሊያን አጥንት ያይበት በነበረው በራጅ ጡትን ለማየት የሚሞክሩም አሉ፣ ገና አልጠራላቸውም። እስከዚያ ያለን ራጅ እጃችን ነው አለች።

እንግዲህ አደራ። በቀስታ።

አክስትሽ ረሒማ


መቀሌ፣ ጥር 28 ቀን 1939 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ረሒማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሳትቆጪ አንብቢኝ። ከቻልሽ ቁጭ ብለሽ።

ያንቺ ደብዳቤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደረሰ። ግቢው ሞላ። ጋሽ ጀላሉ መነጽራቸውን ሰክተው፣ "አሁን ገና ዓለም ታየኝ!" ብለው ወረቀቱን ቆጠሩ። ሁለት። የመጀመሪያዋን አነበብኩ። ሁለተኛዋን ዓይኔ ሮጥ ሮጥ ብሎ አየኋትና አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኳት። ወላሂ፣ እንዳልሽኝ ላደርግ ነበር።

"ሁለት ነበሩ" አሉ ጋሽ ጀላሉ።

"ሁለተኛዋ የሴቶች ናት።"

ጋሽ ጀላሉ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ።

"የሴቶች? መርዶ ከመቼ ወዲህ ነው የሴቶች የሆነው?"

"መርዶ አይደለም ጋሼ።"

"መርዶ ካልሆነ አንብቢያ!"

አሮጊቷ ትግራዋይት ጎረቤታችን ገና በሩ ላይ እያሉ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። "ወይለይ! ረሒማ ሞይታ!"

"የጻፈችው ራሷ ናት እኮ!" አልኩ።

"ባሏ ነዋ እንግዲህ! ባሏ ሞቶ ነው!" አለ ከኋላ አንዱ። ሁለት ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። ለባልሽ፣ አስቢው፣ በሕይወት ላለ ሰውዬ።

እማ ከበሩ ጥግ ተነስታ መጣችና እጇን ዘረጋችልኝ። "ስጪኝ" አለች። ማንበብ እንደማትችል የረሳችው መሰለኝ።

ያኔ ቀስ ብዬ "የሴት ሕመም ምክር ነው፣ ማንም አልሞተም" ብል ይበቃ ነበር። ግን ሰው ሁሉ እኔን ያያል፣ የጋሽ ጀላሉ መነጽር አፍንጫቸው ጫፍ ደርሷል፣ ሳቄ መጣ። የአሞሌው ጨው ክምር ላይ ወጣሁና በእንግሊዛዊት ድምፅ፣ አፍንጫዬን ይዤ፣ አነበብኩላቸው። ሁሉንም። ከብብት ጀምሮ። ቃሏን ስጠራት ወንዶቹ በአንድ በር ሊወጡ ተጋፉ፣ አንዱ ጫማውን ትቶ ሮጠ። ጋሽ ጀላሉ ግን ሕግ ነውና እስከ መጨረሻው ቆዩ። "ዕድሜ ልኬን ምስር ሰፍሬያለሁ፣ እዚያ ትገኛለች ሲባል ግን አልሰማሁም!" አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሴቶቹም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ይኸው እስካሁን ገበያ ላይ "ምስር አገኘሽ ወይ?" መባባል ሆኗል።

እማ አልሳቀችም። እጇን አጥፋ ገባች። አባቴ "የሰው ገመና" ብሎኝ ወጣ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እማ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ሙቀት በዛብኝ ብላ ከጨው መጋዘኑ ውስጥ መተኛት ጀምራለች። በጥር ምን ሙቀት አለ? ልብሷንም ለብቻዋ ታጥባለች።

በአራተኛው ቀን መጣችና፣ "ለረሒማ ስትጽፊ ሽቶ ላኪልኝ በያት። ጠንካራውን" አለች። ሽቶ! በዚህ ዕድሜዋ! ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው እኮ። ባሏ እንደሆነ ጨው ጨው ነው የሚሸተው፣ ለማን ልትቀባው ነው? እንደዚያ ብላት ጥፊ እንደምትሰጠኝ ስለማውቅ ላንቺ ብቻ ነው የምለው።

ሳቁ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆሞብኛል፣ ወደ ታችም ወደ ላይም አልል ብሏል። ምን እንደሆነ አላውቅም።

ሐቢባ


ዐደን፣ መጋቢት 9 ቀን 1939 ዓ.ም.

ሐቢባ፣

ይህችን የላክሁት በአቶ ደመላሽ ስም፣ በፍርድ ቤቱ በኩል ነው። ከሽቶው ጋር የታሸገች አንድ ወረቀት ብቻ ናት። ማንም አይቆጥራትም።

ደብዳቤሽ ምጽዋ ላይ ከርማ ዛሬ ገና ደረሰችኝ። ሽቶ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ።

ልንገርሽ፣ ከአንቺ በቀር የነገርሁት የለም። ጎረቤት የሚባል የለኝም። ባልም የለኝም፣ ፈቶኝ ሦስት ዓመት አልፎታል። የምኖረው እዚህ ካለው ሐኪም ቤት ከሴቶቹ ክፍል ጓሮ ነው። የቁስል ጨርቅ አጣቢ ነኝ። ሐኪሟ ስታስተምር የሰማሁት ባልዲ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነው። የአንቺ አያት ልጅ የሰው መግልና ደም ታጥባለች እንዳይባል ብዬ፣ በየደብዳቤው ጋሽ ጀላሉ ለባሌ የሚልኩትን ሰላምታ ዝም ብዬ ስቀበል ኖርኩ። ባላፍር ኖሮ ካቻምና ነበር የምጽፍላችሁ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሽቶ የሚጠይቁትን ሴቶች ዐውቃቸዋለሁ። ለማጌጥ አይደለም። ሻሽ የሚጠይቁትንም ዐውቃቸዋለሁ። ገላ ላይ የማይጣበቅ ብላሽ ነበር፣ ያን ጊዜ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። እኔም ጠርጥሬ ነው የጻፍሁልሽ፣ ግን በጎረቤት ስም ተሸሽጌ ጻፍኩ።

አሁን ቀልድ ተዪ። ይህን እዪልኝ። ግራው በኩል ነው? ሻሹ ሲታጠብ ምን ቀለም ይወጣዋል? ክንዷን ወደ ላይ ታነሳለች? አይተሽ አትጻፊልኝ፣ መልስ አትጠብቂ። አሥመራ ውሰዷት። እዚያ ቀዶ የሚያክም ሐኪም አለ። ዛሬውኑ።

ረሒማ


መቀሌ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1939 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ረሒማ፣

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። ሰላም ልበልሽ ብቻ።

ደብዳቤሽ በደረሰችኝ ማግስት እማን ተከትዬ ኢላላ ወንዝ ወረድኩ። ከሌሎቹ ሴቶች ርቃ፣ ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ ሻሹን ታጥባለች። ውሃው ከሷ በታች ቀለሙን ለውጦ ይወርዳል። ቀለሙን አልነግርሽም። አንቺ ታውቂዋለሽ።

"ለምን ተከተልሽኝ?"

"ላግዝሽ።"

"አታግዢኝም። ሂጂ።"

"እማ፣ በግራ በኩል ነው?"

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ።

"ማን ነገረሽ?"

"ረሒማ።"

"ረሒማ በየት አይታኝ?"

"ሽቶውን አይታ።"

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ቀና ብላ አላየችኝም፣ ሻሹን እያየች ነው ያወራችው። "ካቻምና ረመዳን ስነካት ምስር ነበረች። ያኔ ምስር መሆኗን አላውቅም፣ ስም አልነበራትም። ዓረፋ ሲደርስ ባቄላ አከለች። አታምም ነበር። ለማን ልበል? ላባትሽ? ለጋሽ ጀላሉ? ቃሉን እንዴት ብዬ እንደምጠራው ሳሰላስል ነው ዓመቱ ያለቀው። ያቺ ወረቀት ስትመጣ፣ አንቺ 'የሴቶች ናት' ስትዪ፣ ልቤ ዐወቀ። እጄን ዘረጋሁልሽ።"

"አይቻለሁ።"

"አይተሻል?"

"አይቻለሁ እማ።"

ረሒማ፣ ማንበብ እንደማትችል የረሳችው መሰለኝ ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነው። አልመሰለኝም። ዓይኗን አይቼ ነበር። የሆነ ነገር እንደምትለምነኝ ገብቶኝ ነበር። ግን ሰው ሊስቅልኝ ተዘጋጅቶ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺም ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ይቅር በይኝ አላልኳት። እሷም ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። "እንግዲያው በዚያ በኩል ያዢውና እንጠምዝዘው" አለችኝ። ጫፉን ያዝኩ። ሁለታችን ጠመዘዝነው።

ላባቴ የነገርኩት እኔ ነኝ። ቃሏን ጠርቼ። ያን ቀን ክምሩ ላይ ወጥቼ ስጮኻት ቀላል ነበረች፣ ለአንድ ሰው ብቻ በቀስታ ስትነገር ግን ትከብዳለች። አባቴ መሬት መሬት እያየ፣ "መጋዘን ገብታ ስትተኛ የተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር" አለ። ሦስት ወር ሙሉ ምን እንዳስቀየማት ሲያስብ ነበር።

እዚህ ሐኪም ቤት ያለው ሰውዬ ጥቂት አየና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እሱም እንዳንቺ አሥመራ አለ። ትናንት ጨው ከጫነች ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ፣ ከሾፌሩ ጎን፣ እማና አባቴ ሄዱ። እማ ከመሳፈሯ በፊት ሽቶሽን ተቀባች። ጋሽ ጀላሉ በዚያ ሲያልፉ "ሙሚና፣ አሥመራ ሠርግ አለ እንዴ?" አሏት። እሷ "አዎ ጋሼ" አለች። እንዲህ መቀለድን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ሐቢባ


ዐደን፣ ግንቦት 20 ቀን 1939 ዓ.ም.

በመቀሌ ላላችሁ ዘመዶቼና ጎረቤቶቼ ሁሉ፣

ሰላማችሁ ይብዛ። ጋሽ ጀላሉ፣ ይህች አንድ ወረቀት ናት፣ ቁጠሯት። ሐቢባ፣ በሙሉ ድምፅሽ አንብቢያት።

እኔ ረሒማ ባል የለኝም። ከፈታኝ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሱቅ የለኝም፣ ቤትም የለኝም። በሐኪም ቤት የታመሙ ሴቶችን ጨርቅ አጥባለሁ። አፍሬ ደበቅኋችሁ። እህቴም ከኔ በላይ አፍራ ደበቀችኝ። ሁለታችንም ዝም ስንባባል በሽታው አልዘገየም።

ስለ ምስሯ የጻፍሁትን ከጎረቤት አልሰማሁትም። በገዛ እጄ ያጠብሁትን ነው የጻፍሁት። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ ግን እየሳቀ ይዳስስ።

ሙሚና ከአሥመራ ስትመለስ እጇን ሳሙልኝ።

ረሒማ


መቀሌ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1939 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ረሒማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከነገ ወዲያ ረመዳን ይገባል፣ እንኳን አደረሰሽ። ክረምቱ ግቢያችንን ጭቃ አድርጎታል፣ ጨዉም ማልቀስ ጀምሯል።

እማ በሰኔ ተመለሰች። ጡቷን ወስደውታል። ቁስሉ ደርቋል፣ ሽታ የለም፣ ከመጋዘኑም ወጥታለች። ከአንገቷ አጥንት በላይ ግን አንዲት ቀርታለች። ሐኪሙ "ይህችን አንነካትም" አለ። ለምን እንደማይነኳት እማ አልጠየቀችም፣ አባቴም አልተናገረም። አንቺ ታውቂያለሽ። አትጻፊልኝ።

የግንቦት ደብዳቤሽ የደረሰን ባለፈው ዓርብ ነው። እንዳልሽው በሙሉ ድምፄ አነበብኳት። ስጨርስ ጋሽ ጀላሉ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሦስት ዓመት ሙሉ" አሉ፣ "ለሌለ ሰው ሰላምታ ስሰፍር!" ሊያስቁን ነበር መሰለኝ፣ ድምፃቸው ግን መሃል ላይ ተሰበረ።

ያኔ እማ ከበሩ ጥግ ተነሳች። "ያቺን ሁለተኛዋን አምጪያት" አለችኝ።

"የቷን?"

"የምስሯን። ወንዶቹ ይውጡልን። ጋሽ ጀላሉ፣ በሩን ይጠብቁልን።"

ጋሽ ጀላሉ ወጥተው ጀርባቸውን ሰጥተው በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ክምሩ ላይ አልወጣሁም። መሬት ላይ ተቀምጬ፣ አፍንጫዬን ሳልይዝ፣ በገዛ ድምፄ አነበብኩ። ፊቴ እየነደደ ነበር። ከብብት ጀምራ፣ በጣቶቿ ሆድ፣ ሳትቸኩል። አሮጊቷ ትግራዋይት ጎረቤታችን እንዲገባቸው እማ በትግርኛ ደገመችላቸው።

ከዚያ እማ ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጥ አደረገችና፣ "ወረቀት እንዲህ ናት ይላል፣ ጣት ግን ካላገኛት አያውቃትም። ኑ" አለች። አንድ በአንድ መጡ። የእያንዳንዷን እጅ እየያዘች ከአጥንቷ በላይ ያለችው ላይ አስቀመጠችው። "ይህች ናት። አልጫንሽም፣ ጫን አድርጊ። አታመኝም።" ዐሥራ አራት ሴት። አንዲትም አልሳቀችም። አሮጊቷ "እዋይ ጓለይ" ብለው እጃቸውን እንዳስቀመጡ ቆዩ። መጨረሻ ላይ የኔን እጅ ያዘች። ጠጣር ናት ረሒማ፣ ከቆዳዋ በታች የተደበቀች ጠጠር። ጣቴን ላነሳ ስል "ቆዪ" አለችኝ። "እስክታውቂያት።"

ሴቶቹ ሲሄዱ በሩ ላይ ጋሽ ጀላሉ ጠሩኝ። አሁንም ጀርባቸውን እንደሰጡ ነበሩ።

"ሐቢባ፣ ጣይባን ታስታውሻታለሽ? ሚስቴን?"

"ጥቂት ጥቂት።"

"'ጎኔን፣ ጎኔን' እያለች ነው የሞተችው። ጎኗን ነበር ግን?"

"እንዴት ላውቅ እችላለሁ ጋሼ።"

መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት። ያንን የመስኮት መስታወት።

"ሽቶ ትወድ ነበር" አሉኝ።

ስንት ጊዜ እንደቀለድኩባቸው አሰብኩ። ቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ ትምህርት በሌለበት ቀን እትዬ የትምወርቅ መጣች። "ደብተርሽን ዝጊ" አለችኝ፣ ከፍቼው አልነበረም። ከእማ ጋር ጓዳ ገቡ። ብዙም አልቆዩም። እማ ስትወጣ ፊቷ ላይ ያየሁትን ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። አዝናለች፣ ግን ደግሞ በጊዜ የደረሰ ሰው ትመስላለች።

"ምስር ናት" አለችኝ በቀስታ። "ገና ምስር ናት።"

አቶ ደመላሽ ሚስቱን ብቻዋን ወደ አሥመራ ሊልክ ሲያመነታ፣ እማ "እኔ እሄዳለሁ" አለች። "የት እንደሚወረድ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ ዐውቃለሁ። እዚያ ያለችው ሴትዮ መጀመሪያ ስታይሽ ትቆጣለች፣ ኋላ ግን ደግ ናት።" እትዬ የትምወርቅ አለቀሰች። እኔን ስታስተምር እንባ ያላየሁባት ሴት።

ዛሬ ሐሙስ ጠዋት ሸኘኋቸው። ትሬንታ ኳትሮዋ ተነስታለች፣ እትዬ የትምወርቅ ከመስኮቱ ጎን፣ እማ መሃል ተቀምጣለች። እማ በእትዬ የትምወርቅ ላይ ዘንበል ብላ እጇን በመስኮቱ አውጥታ ዘረጋችልኝ።

ክምሩ ላይ የወጣሁ ቀን ያየሁትን ዓይኗን ደግሜ አየሁት።

ምን እንደምትፈልግ አልጠየቅኳትም። ሁለተኛዋን ወረቀት ከደረቴ አውጥቼ ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም። አራት አጥፋ፣ በግራ በኩል፣ ጡቷ በነበረበት ባዶ ቦታ አስገባቻት። ከዚያ ለሾፌሩ "ንዳ" አለችው።

ልጅሽ ሐቢባ